የንጉሥ ፊት የሌላቸው አሮጌ መዳቦች፦ ሳንቲም ናቸው ወይስ ሌላ?

ሾፌሩ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። የምኖረው እንግሊዝ፣ ኮቨንትሪ ነው፤ ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ነው፤ ስለ አሮጌ ሳንቲም እስካለፈው እሁድ ድረስ ምንም አላውቅም ነበር። ካር ቡት ገበያ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን በመኪና አምጥቶ የሚሸጥበት፣ ለልጄ ብስክሌት ፍለጋ ሄጄ፣ አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ባነጠፉት ብርድ ልብስ ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አየሁ። ውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የቆመ ሰዓትና አሥራ አንድ የጠቆሩ መዳቦች ነበሩ። “ሠላሳ” አሉ፤ በሃያ አምስት ፓውንድ ተስማማን። ብስክሌቱ ቀረ። ባለቤቴ ነገሩን እስካሁን አልረሳችልኝም።

ቤት ገብቼ ሳያቸው አንዳቸውም ላይ የንጉሥ ፊት የለም። ስምንቱ በጣም ተበልተዋል፤ ሦስቱን ልግለጽላችሁ።

አንደኛው ትልቅና ከባድ ነው። ጢሙ የተንዠረገገ፣ ራሱን የተከናነበ ሽማግሌ በጎኑ ይታያል፤ ዙሪያውን ቅጠል ከቦታል። እኔ መነኩሴ ነው ብያለሁ። በጀርባው የተጠላለፉ ፊደሎች፣ 1787 የሚል ቁጥርና “ለያዘው ሰው አንድ ፔኒ ልንከፍል ቃል እንገባለን” የሚል ጽሑፍ አለ። ቃል የሚገባው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

ሁለተኛው ላይ ራቁቷን ፈረስ ላይ የተቀመጠች ሴት አለች፤ ከሥሯ 1792። ኮቨንትሪ ለሚኖር ሰው እሷን መለየት አይቸግርም፤ በከተማዋ አፈ ታሪክ ራቁቷን ፈረስ የጋለበችው የሌዲ ጎዳይቫ ናት፤ ሐውልቷን ብሮድጌት አደባባይ ላይ በየቀኑ አልፈዋለሁ። በሌላው ወገን ግንብ የተሸከመ ዝሆን አለ። ባለቤቴ ገና ስታየው “ይኼን ከልጆቹ ፊት አንሳልኝ” ብላለች።

ሦስተኛዋ የጣት ጥፍር የምታክል፣ ሳሳ ያለች ነች። በአንድ ወገን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል አለ፤ ከላይ ቢ፣ ከሥር አይና ኤም። በሌላው ወገን የቤት ጣሪያ የመሰለ መስመርና ዙሪያውን ትንንሽ ሚስማሮች። ዘጠኝ ቆጠርኩ። በዳርቻው የነበረው ስም ተፍቋል፤ ከዓመቱም 16 ከዚያ ክፍተት ከዚያ 6 ብቻ ይነበባል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከተበሉት አንዱን ኮምጣጤና ጨው ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳወጣው አዲስ እንደተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሮዝ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን ቀድሞ በትንሹ ይታይ የነበረው ጽሑፍ ጭራሽ ጠፋ። ጎዳይቫዋ ላይ ደግሞ በፈረሱ እግር አጠገብ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት አለ። እሱንስ እንዴት ላድርገው? ለመሆኑ እነዚህ ምንድን ናቸው?

ጋሽ መዳብ

አይዞህ፣ አልተበላህም። ለጎዳይቫዋ ብቻ ያን ያህል የሚከፍል ሰው አይጠፋም።

ሳንቲም አይደሉም፤ ግን የሳንቲምን ሥራ ሠርተዋል። ቶከን ይባላሉ። መንግሥት ለሕዝቡ ዝርዝር ማቅረብ ሲያቅተው ነጋዴው ራሱ አሳትሞ የሚሰጠው ዝርዝር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ይህ ሦስት ጊዜ ሆኗል፤ አንተ የሁለቱን ጊዜ ይዘሃል።

ከትንሿ ልጀምር፤ እኔ የምወደው እሷን ነውና። ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በጥር 1649 አንገቱን ሲቆረጥ፣ ፋርዲንግ (የፔኒ ሩብ) ለማተም በንጉሡ ስም የተሰጠው ፈቃድም አብሮ ሞተ። የመጣው መንግሥት ደግሞ የመዳብ ዝርዝር የማተም ፍላጎት አልነበረውም። አንድ ቁንጥር በርበሬ ወይም ግማሽ ሻማ የሚሸጥ ሰው በብር ገንዘብ እንዴት መልስ ይሰጣል? ስለዚህ ባለሱቁ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ባለመጠጥ ቤቱ የየራሳቸውን ፋርዲንግና ግማሽ ፔኒ አሳተሙ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች። በ1672 ዳግማዊ ቻርልስ የመንግሥትን የመዳብ ፋርዲንግና ግማሽ ፔኒ አወጣና የነጋዴውን ከለከለ።

ይህን ካወቅህ የጠፋችውን ቁጥር ራስህ ትሞላለህ። 1646 ገና ነው፤ 1676 አልፏል። 1656 ወይም 1666 ነች ማለት ነው። ክፍተቷን በማጉያ መነጽር፣ መብራት ከጎን እያበራህ እያት፤ የስድስት ሆድና የአምስት ሆድ ቢፋቁም ጥላቸው ይለያያል።

ሦስቱ ፊደሎች ባልና ሚስት ናቸው። ከላይ ያለው የቤተሰቡ ስም መነሻ ነው፤ ከሥር በግራ ባል፣ በቀኝ ሚስት። በዚያ ዘመን “ጄ”ን በ“አይ” ነበር የሚጽፉት፤ ስለዚህ ያንተ ሰውዬ ጆን ወይም ጄምስ ወይም ጆሴፍ ሊሆን ይችላል፤ ሚስቱ ሜሪ፣ ማርጋሬት፣ ማርታ። የንጉሡ ሚስት ሳትሆን የባለሱቅ ሚስት ገንዘብ ላይ ተጠቅሳለች፤ እኔን ወደዚህ ነገር የጎተተኝም እሱ ነው። ባል ሲሞት በራሷ ስም ያሳተመች ባልቴትም አለች።

ሚስማር ያልካቸው ደግሞ ቅርንፉድ ናቸው! ጣሪያ የመሰለህ መስመርና ዘጠኙ ቅርንፉዶች የለንደን የቅመማ ቅመም ነጋዴዎች ማኅበር አርማ ነው፤ ስድስት ከላይ፣ ሦስት ከታች። አልተሳሳትክም ግን፤ ቅርንፉድ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል ራሱ ሚስማር ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። አርማው አለ ማለት ሰውዬው ለንደን ነበር ማለት ግን አይደለም። በየክፍለ ሀገሩ ያለ ግሮሰሪም ይጠቀምበት ነበር። ሻማ ሻጩ ርግብ ያደርጋል፣ ጨርቅ ነጋዴው ሦስት ዘውድ። ሱቆች ቁጥር አልነበራቸውም፤ ሰው የሚያውቃቸው በተንጠለጠለው ምልክታቸው ነው፤ ያም ምልክት ቶከኑ ላይ ይገባል። ከጀበና ስኒ ላይ ቡና የሚቀዳ እጅ ያለባቸው የለንደን ቡና ቤቶች ቶከኖች አሉ፤ እነሱን አግኝተህ በርካሽ ከገዛህ ለእኔ አትንገረኝ፣ ይቆጨኛል።

ወደ መነኩሴህ እንለፍ። ድሩይድ ነው፤ የጥንት የብሪታንያ ካህን። ቅጠሉ የኦክ ቅጠል ነው። ከዌልስ፣ ከአንግልሲ ደሴት፣ ከፓሪስ ተራራ የመዳብ ማዕድን ማውጫ የወጣ ነው። ፓሪስ ስልህ የፈረንሳዩን ከተማ አይደለም። የተጠላለፉት ፊደሎች የኩባንያው ስም መነሻዎች ናቸው። ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ከ1775 ወዲህ መዳብ ማተም ትቶ ነበር። ገበያ ላይ የነበረው ግማሽ ፔኒ አብዛኛው ሐሰተኛ፣ ቀሪው የተፋቀ። ፋብሪካው ግን ቅዳሜ ለሠራተኛው ደመወዝ መክፈል አለበት። ቶማስ ዊልያምስ የሚባለው የማዕድኑ አለቃ መዳቡ ተራራ ሙሉ ስላለው በ1787 የራሱን ፔኒ አወጣ፤ ያውም ሙሉ ክብደት፣ አንድ አውንስ፣ ማለትም ወደ 28 ግራም። ብረት አቅላጩ ጆን ዊልኪንሰን በዚያው ዓመት የራሱን ፊት አስቀርጾ ተከተለ። ንጉሡ በሚታተምበት ቦታ የራስን ፊት! ከዚያ በኋላ የቀረ ከተማ የለም ማለት ይቻላል።

“ቃል የሚገባው ማን ነው?” ብለሃል። መልሱ ፊቱ ላይም ጀርባው ላይም አይደለም። ጠርዙን እየው። አንደኛ ነገር የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ቶከን ስትይዝ የሚነበበው ጠርዙ ነው፤ የት እንደሚመነዘር እዚያ ነው የሚጻፈው። ድሩይዱንም ጎዳይቫዋንም በሁለት ጣት ይዘህ፣ የስልክህን መብራት ከጎን አብርተህ ቀስ እያልክ አዙራቸውና ያገኘኸውን ጻፍልን። ድሩይዱን ሚዛን ላይም አስቀምጠው። በዚያን ጊዜም ሐሰተኛ ድሩይድ ይታተም ነበር፤ ሐሰተኛው መዳብ ይሰስታል።

ሦስተኛው ጊዜ 1811 እና 1812 አካባቢ ነው፤ ብርም መዳብም ወጣ፤ በ1817 በወጣ ሕግ ቆመ። እሱን ሲደርስህ ታየዋለህ።

ትዕግሥት ቢ

ጋሼ ታሪኩን ስለጨረሱት እኔ ወደ አረንጓዴው ዱቄት ልሂድ፤ እሱ አይቆይም።

ወንድሜ፣ በጥርስ እንጨት ጫፍ ቀስ ብለህ ንካው። ጠንካራና ልሙጥ ከሆነ፣ ከመዳቡ ጋር አብሮ ያረጀ ቆዳ ነው፤ ተወው። እንደ ዱቄት ከተነሳና ከሥሩ ጉድጓድ ካለ ግን ጨው ገብቶት መዳቡን እየበላው ነው፤ በሽታ ነው የምንለው። ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለየው። ዱቄቱን በእንጨቱ አንሳው፤ ብረት እንዳትጠቀም። ከዚያ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ውስጥ አኑረውና ውሃውን በየጥቂት ቀኑ ለውጥ፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ክሎሪን አለው። ስታወጣው ንጹሕ አሴቶን ውስጥ አንዴ ንከረው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አላልኩም፣ እሱ ዘይትና ሽቶ አለበት። መስኮት ክፈት፣ ከእሳት ራቅ። ከደረቀ በኋላ ደረቅ ቦታ አስቀምጠህ በየወሩ እየው። ከተመለሰ ድገመው።

ዱቄት ሳይሆን የሚያጣብቅ አረንጓዴ ቅባት ከሆነ ደግሞ የፕላስቲክ ነው። ድሮ ሰዎች የሚያስቀምጡበት ለስላሳ፣ የአዲስ መጋረጃ ሽታ የሚሸት ፕላስቲክ አለ፤ እሱ ነው የሚያልበው። ያ በአሴቶን ይለቃል።

ኮምጣጤውን ግን ሁለተኛ እንዳታስበው። እኔ በጀመርኩ ሰሞን በሎሚ ነው ያበላሸሁት፤ የኖሪች ግማሽ ፔኒ ነበር። ኩራት በኩራት ሆኜ ወደ አንድ የሳንቲም ትርኢት ይዤው ሄድኩ። ነጋዴው በመነጽራቸው አዩት፣ ምንም ሳይናገሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ያቺን ጣት እስካሁን አልረሳሁም።

ስታስቀምጣቸው የኦክ እንጨት መሳቢያ አትጠቀም። ያምራል፤ ግን አሲድ ይተነፍሳል። የእርሳስ ቶከን ኦክ ሣጥን ውስጥ ነጭ ዱቄት ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። የቆዩ ሰብሳቢዎች ማሆጋኒ የሚመርጡት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ቆርቆሮው ውስጥ ትንንሽ ክብ ወረቀት ነበረ? የድሮ ሰብሳቢዎች ከእያንዳንዱ ሥር በእጅ የተጻፈ ክብ ካርድ ያስቀምጡ ነበር። ካለ እንዳትጥል።

አልገዛም

ይቅርታ፣ ግን አንድ ሰው ይህን መናገር አለበት። ብስክሌቱ አይሻልም ነበር? በዚህ ሀገር የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ቶከን ሞልቷል። ነገ ልሽጠው ቢል ማን ይገዛዋል?

ጋሽ መዳብ

ልክ ነህ፣ ሞልቷል። ለዚህ ነው ሾፌርም ሊሰበስበው የሚችለው። ለትርፍ የሚገዛ ሰው መጀመሪያውኑ ሌላ ነገር ይፈልግ። ተራ የሆነና የተሸራረፈው በአሥርና በሃያ ፓውንድ መካከል ይገኛል። ከማተሚያው ሲወጣ የነበረው ቀይ ብርሃን ያልለቀቀው ግን ያው ዓይነት ሆኖ በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ኮምጣጤ የነካውም ቀይ ነው፤ ቀዩ ግን ሌላ ቀይ ነው፤ ሁለቱን አንዴ ጎን ለጎን ካየህ አትሳሳትም።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሸጫለሁ። የማልሸጣት አንዲት ግማሽ ፔኒ አለችኝ፦ ድመት ያለባት። ቶማስ ስፔንስ የሚባል፣ መሬት የጋራ ይሁን እያለ ለንደን ውስጥ መጽሐፍና ቶከን ይሸጥ የነበረ፣ በዚያም ደጋግሞ የታሰረ ሰው ያወጣት ናት፤ 1796። ድመቷ ዙሪያ “እኔ በባሮች መካከል ነጻነቴን አጣጥማለሁ” ይላል። ጋዜጣ የሚከለክል መንግሥት ግማሽ ፔኒ ከሰው ኪስ እየለቀመ አያነብም። ዋጋዋ ቢወርድ ምን አገባኝ?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ላንተም ለሾፌሩም፦ ሁሉም ቶከን ገበያ ላይ አልዋለም። በ1790ዎቹ ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ሠሪዎቹ ነቅተው ለሰብሳቢ ብቻ ማተም ያዙ። ኬምፕሰን የሚባል የበርሚንግሃም ሠሪ የለንደንንና የኮቨንትሪን ሕንጻዎች እየቀረጸ አውጥቷል፤ ውብ ናቸው፣ ግን ዳቦ አልገዙም። አንዳንዶቹ ደግሞ ያልተዛመደ ፊትና ጀርባ አገናኝተው አዲስ ነው እያሉ ይሸጡ ነበር። በቅሎ ነው የምንላቸው። ሰው ለምን እንደሚሰበስብ ሳይወስን ከጀመረ በበቅሎ ይጥለቀለቃል። ሾፌሩ፣ ብትሰማኝ በምትኖርበት ግዛት ጀምር። የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ቶከን ዳልተንና ሐመር የሚባሉ ሰዎች ባዘጋጁት የቶከን መዝገብ ቁጥር ነው የሚጠራው፤ ቁጥሩም በየግዛቱ ነው፤ ያንተ ዎሪክሻየር ነው። ሻጩ ቁጥር ሲነግርህ ግዛቱን ካልነገረህ ምንም አልነገረህም።

ሾፌሩ

ጋሼ፣ ትዕግሥት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ምሽት ነው ጊዜ ያለኝ።

ድሩይዱ በወጥ ቤት ሚዛን 27 ግራም ሆነ። ጠርዙን ልጄ ነው ያነበበው፤ የእኔ ዓይን አልደረሰም። እየዞረ አንድ አንድ ፊደል ሲጠራልኝ እኔ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ከመሃል ጀምሮ ስለነበር ትርጉም የሌለው ነገር ጻፍን፤ ሁለተኛ ስንዞር ገባን፦ “ሲጠየቅ በለንደን፣ በሊቨርፑል ወይም በአንግልሲ።” የአንግልሲ መጨረሻው ላይ አንድ ሰው ድሮ በፋይል ሞርዶ ሁለት ፊደል በልቶበታል። መዳቡን ሊሰርቅ ይሆን ወይስ ብሎን ሊያጠብቅበት፣ እንጃ።

ጎዳይቫዋ ይበልጥ ገረመችኝ። “በሮበርት ሬይኖልድስና ኩባንያው መጋዘን የሚከፈል” ይላል። ሐውልቷ አጠገብ በየቀኑ ዕቃ የማደርስ ሰው፣ በ1792 እሷን ይዞ ሄዶ የሚመነዘርበት መጋዘን እዚሁ ከተማ እንደነበር አላውቅም ነበር። ለባለቤቴም ነገርኳት። “ታዲያ ልብስ ማልበስ አቃታቸው?” አለችኝ፤ ግን ማጉያውን ከእጄ ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ጸጉሯ እስከ ፈረሱ ድረስ እንደሚወርድ ያስተዋለችው እሷ ናት።

ዱቄቱ የተነሳ ነው፣ ትዕግሥት፤ ከሥሩም የመርፌ ጫፍ የምታክል ጉድጓድ አለች። አሁን የጃም ጠርሙስ ውስጥ በዲስቲልድ ውሃ ተቀምጣለች። ባትሪ ውሃ ብለው የሚሸጡትን ነው የገዛሁት።

ትንሿ 1666 ትመስለኛለች። ልጄ ግን 1656 ነው ብሎ ሞቷል።

ክብ ወረቀቱን በተመለከተ፣ ልብ በሉ፤ ቆርቆሮውን ልጥለው ከቆሻሻው ጎን አስቀምጬው ነበር። ትዕግሥት የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ሌሊት ወርጄ አነሳሁት። ከታችኛው ንጣፍ ወረቀት ሥር ሁለት ክብ ካርዶች ተጣብቀው አገኘሁ። አንደኛው ቀለሙ ፈሶ አይነበብም። ሁለተኛው ላይ በቡናማ ቀለም፣ በጣም በተስተካከለ ጽሑፍ “ዎሪክ፣ ኮቨንትሪ፣ ጎዳይቫ” ይላል፤ ከሥሩ 2፣ ሰያፍ መስመር፣ 6። ይኼ ቁጥሯ ነው ወይስ ሌላ?

ትዕግሥት ቢ

ጮህኩ! ዋጋው ነው። ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ።

ጋሽ መዳብ

ዋጋው ነው፤ አሥራ ሁለት ፔኒ አንድ ሺሊንግ የነበረበት ሒሳብ የተቀየረው በየካቲት 1971 ስለሆነ ካርዱ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። አታጥበው፣ አታስተካክለው፤ ጎዳይቫዋ ከውሃ ስትወጣና በደንብ ስትደርቅ አብረህ አስቀምጠው፤ ግን ሳይነካካ። በሚቀጥለው እሁድ እኒያን ሽማግሌ ካገኘሃቸው ቆርቆሮው የማን እንደነበር ጠይቃቸው፤ ከካርዱ ጀርባም በእርሳስ ጻፈው። ሮዝ ያደረግኸውንም አምጣው፤ ተበልቶም ቢሆን ጠርዙ ሊተርፍ ይችላል።